ከብረቱ ሥር የተደበቀ ኢንፌክሽን፦ የኑክሌር ምርመራ ለአዳማ ታካሚ ምን ይፈይዳል?

አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የፍጥነት መንገድ፣ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርደው የከባድ ተሽከርካሪ መስመር፣ ወደ አሰላ የሚታጠፈው አስፋልት ሁሉ እዚህ ይገናኛል፤ በውስጥ ለውስጡ ደግሞ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ሲርመሰመስ ይውላል። አደጋ በደረሰ ቁጥር የሟችና የቁስለኛ ቁጥር በዜና ይነገራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን አይነገርም። ብረት የገባለት እግር ከስምንት ወር በኋላም ሲነዘንዝ፣ ሰውየው ክራንቹን መጣል ሲያቅተው፣ ሥራው ሲሄድበት፣ ቤተሰቡ ለሕክምና ሲል ከብት ወይም ዕቃ ወደ መሸጥ ሲገባ፣ ይህ ዜና አይሆንም። እኔን ግን ከአደጋው ዜና ይልቅ ይህኛው ያሳስበኛል፤ ከዚህ ሥቃይ ቀላል የማይባለው ክፍል ትክክለኛ ምርመራ በጊዜው ቢገኝ የሚያጥር ነውና።

ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። ቅልጥሙ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣ ሰው ሆስፒታል ይገባል። ቁስሉ ታጥቦ ይጸዳል፤ በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ የብረት ዘንግ ይገባለታል፤ ስፌቱ ይደርቃል፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወራት ያልፋሉ። ትኩሳት የለውም፤ መግልም አይወጣውም። ሲረግጥ ግን ያመዋል፤ ሌሊት ይጠዘጥዘዋል፤ ራጅ ሲነሳም ስብራቱ አልገጠመም። «ብርድ ገብቶበት ነው» የሚል አለ፤ «ብረቱ አልተስማማውም» የሚል አለ፤ «ወጌሻ ይየው» የሚልም አይጠፋም። የአጥንት ሐኪሙ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ አጥንቱ ሳይገጥም የቀረው እንዲሁ ነው፣ ወይስ ከብረቱ ሥር ባክቴሪያ ተደብቆ?

የጥያቄው ክብደት የሚታወቀው ቀጥሎ በሚመጣው ቀዶ ሕክምና ነው። ኢንፌክሽን ከሌለ ዘንጉን በወፍራም ዘንግ መቀየር፣ ካስፈለገም ከዳሌ አጥንት ጥቂት ወስዶ መጨመር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ በአንድ ቀዶ ሕክምና የሚያልቅ ሥራ ነው። ኢንፌክሽን ካለ ግን ብረቱ ይወጣል፤ የሞተው አጥንት ተፍቆ ይነሳል፤ እግሩ ከውጭ በሚታሰር የብረት መደገፊያ ይያዛል፤ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለሳምንታት ይሰጣል፤ አጥንቱን የማስገጠሙ ሥራ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን ማምታታት ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። ባክቴሪያ ባለበት ቦታ ላይ የተጨመረው የዳሌ አጥንት ከንቱ ይቀራል፤ አዲሱም ብረት ይበከላል። ኢንፌክሽን የሌለበትን ሰው ደግሞ በረጅሙ መንገድ መውሰድ የዓመት እንጀራውን መቀማት ነው።

ቆዳው ሳይከፈት የተሰበረ አጥንት በቀዶ ሕክምና ሲታከም ኢንፌክሽን የሚከተለው ከመቶው በአንድ ወይም በሁለት ሰው ላይ ነው። ሥጋው የተበጣጠሰና አፈር የገባበት ከባድ ክፍት ስብራት ሲሆን ግን ቁጥሩ 30 በመቶና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ከተቻለ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ መስጠት፣ ቁስሉን በብዙ ውኃና በጥንቃቄ ማጠብ፣ የሞተውን ሥጋ ማንሳት፣ አጥንቱን በጊዜ በሥጋና በቆዳ መሸፈን የታወቁ መከላከያዎች ናቸው። በማጠቢያው ላይ እንኳ ውድ ነገር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና በብዙ አገሮች ከ2,000 በላይ ሕሙማንን የያዘ ጥናት ተራው የጨው ውኃ ከሳሙና ቅልቅል እንደሚሻል አሳይቷል። ወጌሻም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ወለምታን በማሸት ብዙ ሰው ያስነሱ፣ በአካባቢያቸው የተከበሩ ወጌሾች አሉ። ቆዳው የተቀደደ ስብራት ግን በእጅ የሚታሽ፣ በቀርከሃ የሚታሰር አይደለም፤ መጀመሪያ ወጌሻ ቤት የዋለ እግር ያቺን ወርቃማ የመጀመሪያ ሰዓት አጥቶ ነው ሆስፒታል የሚደርሰው።

ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚያደርገውን መረዳት የምርመራውን ችግር ለመረዳት ይረዳል። ከእነዚህ ኢንፌክሽኖች ብዙዎቹን የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ተሕዋስ ነው። ተሕዋሱ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፤ በላዩም የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ በሽፋኑ ውስጥ ሆኖ መራባቱን ያቀዘቅዛል። መድኃኒቱ እንደልብ አይደርስበትም፤ ሰውነትም እንደ ድንገተኛ ሕመም አይቆጣለትም። ስለዚህ ትኩሳት የለም፤ በደም ምርመራ የሚታየው ነጭ የደም ሴል ቁጥር ልክ ሊሆን ይችላል፤ የብግነት መለኪያዎቹም ትንሽ ከፍ ብለው ወይም ጤናማ መስለው ይገኛሉ። ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ በዚህ ላይ እንኳ አንድ ቋንቋ አልነበራቸውም። ከስብራት ጋር የተያያዘ ኢንፌክሽን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ዓለም አቀፍ ስምምነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ በ2020 ደግሞ ተሻሽሏል።

በዚህ ስምምነት መሠረት ጥርጣሬን ወደ እርግጠኝነት የሚለውጡት ምልክቶች ጥቂት ናቸው። ከቆዳው እስከ አጥንቱ ወይም እስከ ብረቱ የሚደርስ ቀዳዳ መኖሩ፣ መግል መውጣቱ፣ በቀዶ ሕክምና ከጥልቅ ከተወሰዱ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ናሙናዎች አንድ ዓይነት ተሕዋስ መብቀሉ፣ ወይም የሥጋው ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ማረጋገጫ መስጠቱ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ ክርክሩ አልቋል። ሕመም፣ እብጠት፣ የራጅ ለውጥ፣ የደም ምርመራ ከፍ ማለት «ጠርጥር» የሚሉ ምልክቶች ናቸው። የኑክሌር ምርመራም በ2020 የገባው እዚሁ የጥርጣሬው ወገን ውስጥ ነው። ይህን አስቀድሜ ማለቴ በምክንያት ነው፤ ከዚህ በታች ስለ ምርመራው ብዙ በጎ ነገር እናገራለሁና፣ ናሙና የመውሰድን ቦታ የሚተካ የሚመስለው አንባቢ እንዳይኖር።

ራጅ ርካሽና በየቦታው ያለ መሣሪያ ነው፤ አጥንቱ መግጠሙን፣ ብረቱ መላላቱን፣ ብሎኑ መሰበሩን ያሳያል። ኢንፌክሽንን ግን ዘግይቶ ነው የሚያየው፤ ከአጥንቱ ማዕድን ሲሶ ወይም ግማሽ የሚሆነው ካልጠፋ ለውጡ ራጅ ላይ አይወጣም፤ ይህም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ሲቲ ስካን የሞተ የአጥንት ቁራጭ ለማየት ይጠቅማል። ኤምአርአይ ለሥጋና ለመቅኔ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ብረቱ ምስሉን ያበላሸዋል፤ ከቀዶ ሕክምና የቀረውን ጠባሳና ውኃም ከኢንፌክሽን ለመለየት ያስቸግራል። እነዚህ ሁሉ የሚያሳዩት ቅርጽን ነው። እኛ ደግሞ እየጠየቅን ያለነው ሰውነቱ በዚያ ቦታ ላይ አሁን እየተዋጋ መሆን አለመሆኑን ነው።

የኑክሌር ሕክምና ምስል ይህን ይሞክራል። በጣም ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጣል፤ በሰውነት ውስጥ የሄደበትን ቦታ ጋማ ካሜራ የተባለ መሣሪያ ከውጭ ሆኖ ይከታተላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት ቴክኒሺየም 99ኤም ነው፤ ጉልበቱ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በማግስቱ በሰውነት ውስጥ የሚቀረው እዚህ ግባ አይባልም። ወሳኙ ነገር ቴክኒሺየሙ ከምን ጋር ተጣብቆ እንደሚገባ ነው፤ የሚሄድበትን ቦታ የሚወስነው እርሱ ነውና።

በቀላሉ የሚገኘው የአጥንት ስካን ነው። ቴክኒሺየሙ አጥንት ከሚስበው የፎስፌት ውሕድ ጋር ይጣመራል፤ በመርፌ እንደተሰጠ፣ ከደቂቃዎች በኋላ፣ ከዚያም ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ቆይቶ ምስል ይነሳል። አጥንት በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ምስሉ ይደምቃል። ችግሩም ይኸው ነው። የተሰበረ አጥንት ለመግጠም በሚያደርገው ጥረት ብቻ ይደምቃል፤ ብረት የገባበት ቦታ ይደምቃል፤ ይህ ድምቀት እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ሊቆይ ይችላል። ስካኑ ጨርሶ ካልደመቀ ኢንፌክሽን የመኖሩ ዕድል በጣም ትንሽ ነው፤ ይህ ጥቅም ነው። ከደመቀ ግን በቅርብ ጊዜ ለተሰበረ እግር የሚነግረን ነገር የለም ማለት ይቻላል። እኔ እንደማምነው በአገራችን ሁኔታ በቀላሉ ሊያሳስት የሚችለው ምርመራም ይኸኛው ነው፤ መሣሪያው ስላለ ይታዘዛል፤ ውጤቱ «ከፍተኛ መሰብሰብ ታይቷል» ተብሎ ይጻፋል፤ ታካሚው ያንን ወረቀት ይዞ ኢንፌክሽን አለብኝ ብሎ ይመለሳል።

ለጥያቄያችን የተሠራ የሚመስለው የነጭ የደም ሴል ስካን ነው። ከታካሚው ክንድ ከ40 እስከ 60 ሚሊ ሊትር የሚደርስ ደም ይቀዳል። ንጹሕ በሆነ ላቦራቶሪ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎቹ ከቀሪው ደም ይለያሉ፤ ኤችኤምፒኤኦ በተባለ ውሕድ አማካይነት ቴክኒሺየም ይጣበቅባቸዋል፤ ከዚያም ለራሱ ለታካሚው ተመልሰው ይሰጣሉ። ሴሎቹ ድሮም ሥራቸው ተሕዋስ ያለበትን ቦታ ፈልጎ መሄድ ነውና ይሄዳሉ፤ ካሜራውም ይከተላቸዋል። ምስሉ አንድ ጊዜ ተነስቶ አያልቅም። በመጀመሪያው ሰዓት አካባቢ፣ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ሲሆን፣ በመጨረሻም ከ20 እስከ 24 ሰዓት ሲሞላ ይነሳል።

ለምን በማግስቱ መመለስ አስፈለገ? ኡኡታ በተሰማበት ሰፈር መጀመሪያ ሁሉም ሮጦ ይደርሳል። ነገሩ ከንቱ ጩኸት ከሆነ ሰዉ ቀስ በቀስ ወደየቤቱ ይበተናል፤ ቤት እየነደደ ከሆነ ግን ሰዓት በገፋ ቁጥር ሕዝቡ ይበዛል። ነጭ የደም ሴሎችም እንዲሁ ናቸው። በመጠገን ላይ ያለ አጥንትና መቅኔ ለጊዜው ይስባቸዋል፤ በማግስቱ ግን መጠኑ ባለበት ይቆያል ወይም ይቀንሳል። ባክቴሪያ ባለበት ቦታ አዳዲስ ሴሎች መምጣታቸውን አያቆሙም፤ ድምቀቱ ከአራተኛው ሰዓት ይልቅ በ24ኛው ሰዓት ይጎላል ወይም ይሰፋል። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም የሚፈርደው በዚህ ጭማሪ ነው። በአራተኛው ሰዓት ብቻ ተነስቶ የተጻፈ ውጤት ግማሽ ምርመራ ነው፤ ለታካሚው «ነገ መምጣት አያስፈልግም» ቢባል ለምን ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ስፔክት ሲቲ የተባለው ጥምር መሣሪያ ካለ ደግሞ ድምቀቱ አጥንቱ ውስጥ ይሁን ከላዩ ባለው ሥጋ ላይ ብቻ በግልጽ ይለያል፤ ይህም የቀዶ ሕክምናውን ስፋት ይወስናል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ከስብራት በኋላ በተጠረጠሩ ኢንፌክሽኖች ላይ የነጭ የደም ሴል ስካንን መዝኖ ኢንፌክሽን ካለባቸው 79 በመቶውን እንደሚይዝ፣ ኢንፌክሽን ከሌለባቸው ደግሞ 97 በመቶውን «የለም» ብሎ እንደሚያሰናብት አግኝቷል። ይህን ወደ ሰው እንለውጠው። መቶ ተጠርጣሪዎች ቢላኩና ከእነርሱ ውስጥ በእውነት ኢንፌክሽን ያለባቸው 30 ቢሆኑ፣ ስካኑ 24ቱን ያገኛል፤ 6ቱን ያመልጡታል። ጤነኞች ከሆኑት 70 ሰዎች ሁለቱን ብቻ በስህተት ይከስሳል። «አለ» ብሎ የተናገረበት ሰው ቃሉን ሊቀበል ይችላል፤ ከ26ቱ 24ቱ ልክ ነው። «የለም» ካለ ግን ከ74ቱ መካከል ስድስት የተደበቁ ሰዎች አሉ።

ስለዚህ «የለም» የተባለለት ታካሚ ዘንጉ በሚቀየርበት ቀን ሐኪሙ ናሙና ከመውሰድ ነፃ አይሆንም። የዕለቱ ሥራ በአንድ ቀዶ ሕክምና ሊያልቅ እንደሚችል ግን በቂ ድፍረት ይሰጠዋል። «አለ» የተባለለት ደግሞ ከመጀመሪያው ለሁለት ደረጃ ሕክምና ይዘጋጃል፤ አልጋው፣ መድኃኒቱ፣ ከውጭ የሚታሰረው ብረት፣ የቤተሰቡ ገንዘብ አስቀድሞ ይታሰባል። ለእኔ የምርመራው ትልቁ ዋጋ ይህ ዝግጅት ነው። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ መግል አግኝቶ መደንገጥ ለሐኪሙም ለታካሚውም መጥፎ ነው።

ፔት ሲቲ የተባለው ሌላኛው ምርመራ ስኳር መሰል ንጥረ ነገር ከፍሎሪን 18 ጋር አጣምሮ ይሰጣል፤ ስኳር የሚበሉ የብግነት ሴሎች ይደምቃሉ። ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ያልቃል፤ ደም መቅዳትና መለየት የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ የኔዘርላንድስ ጥናት 89 በመቶ እንደሚይዝና 80 በመቶ በትክክል እንደሚያሰናብት አግኝቷል። በዚያው መቶ ሰው ላይ ሲሰላ 27 ያገኛል፣ 3 ብቻ ያመልጡታል፣ ነገር ግን 14 ጤነኞችን ይከስሳል። የፍሎሪን 18 ጉልበት በ110 ደቂቃ ስለሚጋመስ ሳይክሎትሮን የተባለ ማምረቻ በቅርብ ይፈልጋል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ናይሮቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ማዕከል አለ። ለአዳማ ታካሚ ግን ዛሬ የሚነሳ ምርጫ አይደለም፤ በእርሱ ላይ ብዙ አልቆይም።

በኢትዮጵያ የኑክሌር ሕክምና ስሙ ሲነሳ አብሮ የሚነሳው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ለአዳማ ታካሚ ይህ ማለት ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሐዋሳ ታካሚ ከሚጠብቀው 270 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ቢሆንም ምርመራው ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ በክራንች የሚሄድ ሰው አንድ አስታማሚ ይዞ፣ አንድ ሌሊት አድሮ። የማደሪያው ጉዳይ ሳይታሰብ የሚጻፍ የሪፈር ወረቀት ታካሚውን ከአራተኛው ሰዓት ምስል በኋላ ወደ መናኸሪያ ይልከዋል።

ከጉዞው ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው ችግር የአቅርቦት ሰንሰለቱ ነው፤ እርሱም ከአገር ውጭ ይጀምራል። ቴክኒሺየም የሚገኘው ሞሊብዲነም 99 ከተባለ እናት ንጥረ ነገር ነው፤ እርሱ ደግሞ በጥቂት የዓለም ሪአክተሮች ውስጥ ይመረታል። ከእነርሱ መካከል በኔዘርላንድስ ፔተን ያለው እ.ኤ.አ. ከ1961፣ በደቡብ አፍሪካ ፔሊንዳባ ያለው ከ1965 ጀምሮ የሚሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 የካናዳውና የፔተኑ ሪአክተሮች ለጥገና በቆሙ ጊዜ ሀብታም አገሮችም ቀጠሮ ሰርዘዋል። ሞሊብዲነሙ ጀነሬተር በሚባል የእርሳስ መከለያ ባለው ዕቃ ውስጥ ሆኖ በአውሮፕላን ይመጣል፤ ሆስፒታሉም በየጠዋቱ ቴክኒሺየሙን ከውስጡ ያጥባል። ሞሊብዲነም በየ66 ሰዓቱ ይጋመሳል። ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጀነሬተሩ አውሮፕላን ማረፊያ ለሦስት ቀን ቢታገድ ከግማሽ የሚበልጠው ጉልበቱ ሄዷል፤ ሳምንት ሲሞላው የሚቀረው ከስድስት እጅ አንዱ ነው። የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ የዘገየበት፣ የጉምሩክ ሰነድ የጎደለበት መድኃኒት ሌላ ጊዜ መጋዘን ውስጥ ይጠብቃል፤ ይህኛው መጠበቅን አያውቅም። ካሜራ መግዛት በፎቶግራፍ የሚታይና ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ነው። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን የሚደርስ ጀነሬተር ግን የኮንትራት፣ የክፍያና የፈቃድ ሥራ ነው፤ አገልግሎቱን የሚያቆመውም የሚያስቀጥለውም እርሱ ነው።

ሦስተኛው ችግር ሰው ነው። ሴሎቹን መለየትና ማጣበቅ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የሚወስድ የእጅ ሥራ ነው፤ ከብክለት የጸዳ መሥሪያ ሳጥን፣ በዚሁ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ስሙ የማይምታታ የደም ቱቦ ይጠይቃል። የአንዱን ደም ለሌላው መልሶ መስጠት ይቅር የማይባል ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ብዙ ማዕከላት በአንድ ጊዜ የአንድ ሰው ደም ብቻ ይይዛሉ። በቀን ሁለት ሦስት ሰው ካስተናገዱ ብዙ ነው። እንግዲህ ምርመራው ለማን እንደሚገባ መምረጥ ግዴታ ይሆናል።

ጸረ ተሕዋስ በሆነ ዩቢአይ በተባለ ጥቃቅን ፕሮቲን ላይ ቴክኒሺየም የማጣበቅ ዘዴ እዚህ ላይ ተስፋ ይሰጣል። ፕሮቲኑ በቀጥታ ከባክቴሪያው ሽፋን ጋር ይያያዛል፤ በጠርሙስ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ደም መቅዳት የለም፤ ምስሉም በአንድ ሰዓት ገደማ ይነሳል። በፓኪስታን፣ በሕንድና በደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ሲያጠኑት ቆይተዋል፤ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም ምርምሩን ደግፏል። ገና እንደ ነጭ የደም ሴል ስካን በሰፊው የተመሰከረለት አይደለም። ሁለት ቀን ማደር ለማይችል ታካሚ ግን ከኔዘርላንድስ መንገድ ይልቅ የፓኪስታን መንገድ የሚስማማን ይመስለኛል፤ የአገራችን ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ቢጥሉበት ደስ ይለኛል።

ስለ ጨረሩ መናገርም ተገቢ ነው፤ «ኑክሌር» የሚለው ስም ብቻ ሰውን ያስፈራልና። የነጭ የደም ሴል ስካን ለአዋቂ ሰው የሚሰጠው ጨረር ከ4 እስከ 8 ሚሊሲቨርት ይሆናል፤ ሚሊሲቨርት የጨረር መጠን መለኪያ ነው። ሰው በዓለም ላይ በመኖሩ ብቻ ከአፈሩ፣ ከአየሩና ከሰማዩ በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ይቀበላል። የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ያህል ማለት ነው፤ የሆድ ሲቲ ስካን ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አስቀድመው መናገር አለባቸው፤ ሌላው ሰው መፍራት ያለበት ጨረሩን ሳይሆን ሳይመረመር የሚቀረውን ኢንፌክሽን ነው።

ታዲያ አዳማ ላይ ከየት ይጀመር? እኔ ከካሜራ አልጀምርም። ከናሙና እጀምራለሁ። ብረት በሚወጣበት ወይም ያልገጠመ ስብራት በሚከፈትበት በማንኛውም ቀዶ ሕክምና ከጥልቅ ቦታ፣ እያንዳንዱ በተለየ ንጹሕ መሣሪያ፣ አምስት ናሙና ቢወሰድ፤ ከዚያ በፊት የታካሚው ሁኔታ ከፈቀደ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒቱ ለሁለት ሳምንት ቢቆም፤ ላቦራቶሪውም በሁለትና በሦስት ቀን ሳይጥለው ቀስ ብለው የሚበቅሉትን ተሕዋሳት እስከ አሥር ወይም አሥራ አራት ቀን ቢጠብቅ፣ ብዙው ጥያቄ ይመለሳል። ከቁስሉ አፍ በጥጥ እየተጠረገ የሚላከው ናሙና ግን የቆዳውን ባክቴሪያ ይዞ ስለሚመጣ ሐኪሙን ወዳልተፈለገ መድኃኒት ይወስደዋል። አዳማ የክልል ሪፈራል ላቦራቶሪ ያላት ከተማ መሆኗ ዕድል ነው። ይህ ሳይኖር የተገዛ ካሜራ «አለ» ቢል እንኳ የትኛው ተሕዋስ እንደሆነና በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት አይናገርም። መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች በበዙበት በዚህ ጊዜ ያ ስም ሳይታወቅ የሚሰጥ የስድስት ሳምንት መድኃኒት ግምት ነው።

ናሙናው ሥርዓት ከያዘ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ሰው ቁጥር ያንሳል፤ ጥያቄውም ይጠራል። መግል የሚወጣው ሰው መላክ የለበትም፤ እርሱ መልሱን ይዞ መጥቷል፤ የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሁለት ሳምንት ያልሞላው፣ ቁስሉ የቀላና ያበጠ ሰውም እንዲሁ፤ ለእርሱ ቀን ማባከን ብረቱን ማዳን የሚቻልበትን ዕድል ማባከን ነው። መላክ ያለበት ወራት ያስቆጠረ፣ አጥንቱ ያልገጠመ፣ ቀዳዳ የሌለው፣ የደም ምርመራው የሚያወላውል፣ ሐኪሙም በአንድና በሁለት ደረጃ ቀዶ ሕክምና መካከል የቆመበት ሰው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ የጉዞውና የማደሪያው ወጪ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ሊታይ ይገባዋል እላለሁ፤ በስህተት ከሚደረግ አንድ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ይረክሳልና።

የሪፈር ወረቀቱም ከአንድ መስመር ማለፍ አለበት። «ለስካን» ተብሎ ብቻ የተላከ ሰው ምስሉ በትክክል አይነበብለትም። አጥንቱ የተሰበረበት ቀን፣ ክፍት ስብራት መሆን አለመሆኑ፣ ብረቱ የገባበትና ከዚያ ወዲህ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ካለ ቀኑ፣ የብረቱ ዓይነት፣ የወሰደው ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ስምና ያቆመበት ቀን፣ የቅርብ ጊዜ ራጅና የደም ምርመራ አብረው መሄድ አለባቸው። ታካሚውና ቤተሰቡም እነዚህን ቀኖች በደብተር ጽፈው፣ የቆዩትን ራጆች በፌስታል ሰብስበው ቢይዙ ከማንኛውም መሣሪያ ባልተናነሰ ይረዳሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደግሞ የናሙናዎቹ ውጤት ከአዳማ ተመልሶ ምስሉን ላነበበው ሐኪም ይላክ፤ የትኛው «አለ» እውነት እንደነበረና የትኛው «የለም» እንደሳተ ማወቅ የሚችለው በዚህ ብቻ ነው።